ባሌ የተነሳላት ሴት

ሌላዋ ሴት ባሏ ከሌላ ጋር ተኛ ብላ ትቀናለች። እኔ የቀናሁት ባሌ ለሌላ ተነሳ ብዬ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ሳቅ በአጠገቤም አላለፈም። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የእህል ሰው ነኝና ነቀዝን አውቀዋለሁ። ከውጭ ሲያዩት ጆንያው ሙሉ ነው፤ እጅ ሲሰዱበት ግን ብናኝ ብቻ ነው የሚወጣው። እንደዚያ ሆኜ ነበር።

ደብሪቱ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ከገበያው ዝቅ ብሎ ወፍጮ ቤት አለን። ወፍጮውን የተከለው ባሌ አያሌው ነው። እሱ ይፈጫል፣ እኔ ሚዛኑ ላይ ቆሜ እመዝናለሁ፤ ኑሯችን ይኸው ነበር። አንድ ጠዋት የወፍጮውን ቀበቶ ሊያጠብቅ ጎንበስ እንዳለ መነሳት አቃተው። ደም ግፊቱን ቸል ብሎት ኖሮ ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ዘመም አለ፤ ምላሱም ከበደ። በተለይ ሲደነግጥ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀርና ዓይኑ ብቻ ይንከራተታል።

ከዚያ ወዲህ ወፍጮውም አያሌውም የእኔ ሸክም ሆኑ። ተማረርኩ እንዳትሉኝ፤ እንዲያውም ኮርቼበት ነበር። የእኔ እጅ ኩንታል ያነሳል። ጎረቤት ተሰብስቦ «ደብሬ እኮ ባሏን እንደ ሕፃን ነው ብድግ የምታደርገው» ሲል ሰምቼ ሌላ ሥራ ያለኝ መስዬ አልፋለሁ፤ ልቤ ግን ቅቤ ይጠጣል። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ። አፉን እስኪከፍት አልጠብቅም። ዓይኑን አይቼ መነሳት እንዳሰበ አውቃለሁ፤ ብብቱ ሥር ገብቼ አነሳዋለሁ። ከወፍጮ ቤት ስመጣም ልብሴ ላይ ያለውን ዱቄት ሳላራግፍ ነው በሩን ገፍቼ የምገባው፤ ምክንያቱም እየጠበቀኝ ነው።

በመጀመሪያው ሰሞን ለፊዚዮቴራፒ ባሕር ዳር ድረስ እንመላለስ ነበር። ኋላ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሆነብን። ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን ጭንቀታችንን አይታ ስልክ ከነማቆሚያው ላከችልን። ፊዚዮቴራፒስቷ ሕሊና የምትባል ወጣት ናት። መንገድ የተዘጋባቸውን ሕመምተኞቿን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በቪዲዮ ሰብስባ ታሠራቸዋለች፤ ኢንተርኔቱ ደግ በሆነበት ቀን ማለቴ ነው። ከአያሌው ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የፈረስ ቤት ከተማ መሪጌታ ናቸው። ሌላዋ ዘሐራ የምትባል የቡሬ ቅመም ነጋዴ ናት።

እኔ ስልኩን መስኮቱ ላይ አቁሜለት ወደ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ። ጠዋት ነው ሰው የሚበዛብን። መጀመሪያ ምንም አልጠረጠርኩም። ውሎ አድሮ ግን ነገሩ አላምር አለኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ሲሆን ጢሙን እንድላጨው ይጠይቃል። ያደረበትን ነጠላ ትቶ የታጠበውን ያስመጣል። ማታ ስመለስ ፊቱ በርቶ አገኘዋለሁ።

«ዘሐራ ዛሬ...» ይልና ሳቁ ይቀድመዋል።

«ምን አለች?»

«ተይው... ሲነግሩት አያስቅም።»

እኔ ግን ከታመመ ወዲህ አስቄው አላውቅም። ምን ያላበሰልኩለት ነገር አለ? ምን ያልነገርኩት ወግ አለ? ለእኔ ሲሆን ግንባሩን ይቋጥራል፤ በአካል አይታው ለማታውቅ ሴት ግን ከንፈሩ ዘመም ብሎም ቢሆን ይስቃል። ጎረቤቴ ትርንጎ ደግሞ አታርፍም፤ «የቡሬ በርበሬ ሩቅ ሆኖም ያቃጥላል» አለችኝ። ለቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ዋጥኩት፣ አቃጠለኝም።

አንድ ማክሰኞ መብራት ሄደና ወፍጮው ቆመ። የሰው እህል እንደተደረደረ ትቼ፣ ዱቄት በዱቄት ሆኜ ወደ ቤት መጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ የሴት ሳቅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አጮለቅሁ።

አያሌው ቆሟል።

ማንም አልያዘውም። ቀኝ እጁ ነጠላውን ደረቱ ላይ ጨብጧል፤ ግራ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ግን ቆሟል። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ኖር!» አለ፤ ያ ተብታባ ምላሱ ጥርት ብሎ። ስልኩ ላይ ደግሞ ቀይ ሻሽ ያሰረች ክብ ፊት ሴት ሞልታበት «እሰይ ጋሼ! ዛሬስ ጎረምሳ ሆኑ!» ትላለች።

እንደምታውቁት ኖር የሚባለው ለሚከበር ሰው ነው። ሽማግሌ ሲገባ፣ ቄስ ሲገባ፣ እንግዳ ሲገባ ቤት ያለው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ኖር ይላል፤ የገባውም በእግዜር ብሎ ያስቀምጣል። ሚስት ከወፍጮ ስትመጣ ኖር አይባልም። ተብሎልኝ አያውቅም፤ ይባልልኝ ብዬም አስቤ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ወገቤ እስኪቆረጥ ያነሳሁት ሰው፣ ራሱን ችሎ፣ ለቡሬ ሴት ሲነሳ አየሁት። መቆሙ እንኳ አላስደሰተኝም። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት የሚገባኝ ቦታ ላይ ቆሜ ቀናሁ።

በሩን ስገፋው ሲጥ አለ። አያሌው አየኝና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ለማን ነው የተነሳኸው?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። ደንግጧል።

«ለማን ነው አልኩህ! ለእኔ ተነስተህ ታውቃለህ?»

ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ማታ ምላሱ ሲፈታለት ሊነግረኝ ሞከረ፤ ገና «ዘሐራ...» ብሎ ሲጀምር «ስሟን በቤቴ እንዳትጠራ!» ብዬ ቆረጥኩት። እኔ ስቆጣ አልጠይቅም፤ እፈርዳለሁ። አባቴም እንደዚያ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ፊቱ ቆምኩ።

«በል ተነስ» አልኩት።

አየኝ። ቀኝ እጁን ወንበሩ ጠርዝ ላይ አደረገ። ወደ ፊት አዘነበለ። እግሩን ሰበሰበ። ገና ወገቡ ከወንበሩ ሳይላቀቅ እጄ ብብቱ ሥር ገባና ብድግ አደረግኩት።

«ይኸው! ለእኔ አትነሳም!» አልኩት፤ አቅፌ ይዤው።

ዓይኑን ከዓይኔ ላይ ሳይነቅል ብዙ ቆየ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ አልገባኝም። አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ሲነጋ የወፍጮ ቀበቶ ልገዛ ቡሬ እሄዳለሁ አልኩት። ጢሙን ላጨሁት፤ አዎ፣ ለእሷ ብዬ ላጨሁት። ስልኩን አቆምኩለት። «ጎረምሳ ሁን እንግዲህ» ብዬው ወጣሁ። ትርንጎን ሳትቆይ ብቅ ብላ እንድታየው አደራ አልኳት፤ ከመቸኮሌ ብዛት ነጠላዬን እንኳ መንገድ ላይ ነው ያጣፋሁት።

ሚኒባሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ማንኩሳ እስክንደርስ ፊቴን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ግን አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምትሄጅ?»

«ገና አልለየለትም፣ እናቴ» አልኳቸው።

በልቤ የምናገረውን እየደረደርኩ ነበር። ምን ዓይነት ሴት ነሽ፣ የታመመ ሰው ላይ፣ የሰው ትዳር ላይ እላታለሁ። እሷም ትክዳለች፤ እኔም እንዲህ እላታለሁ። ቡሬ ስንገባ ክሱም መልሱም ፍርዱም ተጠናቆ ነበር።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ የቅመም ነጋዴዋን ዘሐራን የማያውቅ የለም። ከፊት ሱቅ ነው፣ ከኋላ መኖሪያ፤ መሐሉን መጋረጃ ይለየዋል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ረጅም ሰውዬ ተቀምጠው ኮረሪማ ይሰፍራሉ። ፊታቸው ከእኔ ፊት የባሰ ነው።

«የዘሐራ ቤት ይኸ ነው?»

«ነው። ባሏ ነኝ፤ ሰይድ እባላለሁ። ምን ፈለግሽ?»

«ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣሁ። የአያሌው ባለቤት ነኝ።»

መስፈሪያውን ጣሳ አስቀመጡ።

«የጋሽ አያሌው? የዚያ የወፍጮው?»

«አዎ።»

«አላህ እግርሽን አቀናው! እኔ ራሴ ልመጣ ነበርኮ!»

«እርስዎ ደግሞ ለምን?»

«አንችስ ለምን መጣሽ?»

«ባሌ ለሚስትዎ ተነሳ!»

«ሚስቴ ለባልሽ ተነሳች!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። «ዕቃ ላወጣ ብገባ ቆማ አገኘኋት። ለኔ ሲሆን ‘ሰይዶ ደግፈኝ፣ ሰይዶ አንሳኝ’ ነው። ይኸው ወገቤ አልቋል። ለሱስ ማን ደገፋት? ጠዋት ማታ ‘ጋሽ አያሌው እንዲህ አለ፣ ጋሽ አያሌው አሳቀኝ።’ ያንች ባል ቀልደኛ ነው?»

«ለእኔ ቀልዶ አያውቅም።»

«እሷም ለኔ ስቃ አታውቅም፣ ከታመመች።»

ልጣላ የመጣሁበት ቤት የእኔን ቁስል የያዘ ሰው አገኘሁ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ አፌ ላይ ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ የሕሊና ድምፅ ተሰማ፤ ሥራው ሊጀመር ነው።

«ነይ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «ዛሬ በዓይናችን እንየው።»

እንደ ሌባ ተጠጋን። እሳቸው መጋረጃውን በአንድ በኩል ገለጡ፣ እኔ በሌላ በኩል። ዘሐራ ጀርባዋን ሰጥታን ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ያው ቀይ ሻሽ። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጧል፤ ለካ እሷንም እንደ አያሌው ነው የመታት። ስልኳ ፊት ለፊቷ ኩርሲ ላይ ቆሟል። በእኛ ስልክ የሚናገረው ሰው ፊት ብቻ ነው ጎልቶ የሚወጣው፤ በእሷ ስልክ ግን ሁሉም በየሳጥናቸው ተደርድረው ይታያሉ። በአንዱ ሳጥን ነጭ የለበሰች ወጣት። በአንዱ ሻሽ የጠመጠሙ፣ መደብ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ። በአንዱ ደግሞ የእኔ ቤት። ግድግዳዬ፣ ወንበሬ፣ ጠዋት ያለበስኩት ነጠላ። ቤቴን ከቡሬ ሆኜ አየሁት፤ የማላውቀው የሰው ቤት መሰለኝ።

«ጋሽ አያሌው፣ ባለቤትዎ ቅርብ ናቸው አይደል?» አለች ሕሊና።

«ጓዳ... ናት» አለ ባሌ።

ጋሽ ሰይድ በጎን አዩኝ። ይዋሻል ለካ።

«ጥሩ። በሉ መሪጌታ፣ እርስዎ አንድ ዙር ይሂዱልኝ።»

መሪጌታ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና እግራቸውን እየጎተቱ ከሳጥኑ ወጡ። ባዶ መደብ ብቻ ቀረ። ማንም አልተናገረም። ዘሐራ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። አያሌው ቀኝ እጁን ጠርዙ ላይ አደረገ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። ከዚያ የምርኩዝ ኳኳታ ተሰማ፤ ሻሹ ብቅ አለ፤ መሪጌታ ገቡ።

«ኖር!» አለ አያሌው። ተነሳ።

«ኖር!» አለች ዘሐራ። ወንበሯ ሲንቋቋ፣ ወገቧ ሲንገዳገድ፣ ተነሳች።

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ መሪጌታ፤ መደባቸው ላይ አረፍ አሉ።

ሕሊና ትስቃለች። «አሁንም ይሂዱ መሪጌታ።» መሪጌታ እንደገና ወጡ። እንደገና ገቡ። እነዚያም እንደገና ተነሱ። ዘሐራ «መሪጌታ፣ ዛሬ ደጅዎ እሾህ አለው እንዴ፣ ገና ሳይወጡ ይመለሳሉ!» ስትል አያሌው ያን የነፈገኝን ሳቅ ለቀቀው።

የተነሳው ለዘሐራ አልነበረም። ለሽማግሌው ነው። ሕሊና ተነሱ ተቀመጡ ስትላቸው ደከመን ይሉ ነበር አሉ፤ አንድ ቀን ግን መሪጌታ ዘግይተው ሲገቡ ሁለቱም ሳያስቡት ከወንበራቸው ተነስተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው የታዘዘላቸውን መራመድ ይራመዳሉ፤ እነዚህ ደግሞ የታዘዘላቸውን መነሳት ይነሳሉ። ይኽን ዘሐራ ናት ኋላ ያወጋችን። እዚያ መጋረጃ ሥር ሆኜ ግን ሳይነገረኝም ገብቶኝ ነበር። ልተነፍስ ስል አያሌው ወደቀ።

እንዴት እንደሆነ አላየሁም። መሪጌታ ሲገቡ ተነሳ፤ ግራ ጉልበቱ ከዳው፤ ከሳጥኑ ተሰወረ። ባዶ ወንበር ብቻ ይታያል። አንድ ነገር ጓ ሲል ሰማሁ።

እጄ ተወረወረ። ወዴት? ወደ ስልኩ። ኩንታል የሚያነሳው እጄ አየሩን ጨብጦ ተመለሰ። እሱ ፍኖተ ሰላም ነው፤ እኔ ቡሬ። ጋሽ ሰይድ ክንዴን ባይዙኝ እጮህ ነበር።

«ጋሽ አያሌው!» አለች ሕሊና። ሳቋ የለም። «ጋሽ አያሌው፣ ይሰሙኛል? ጭንቅላትዎን መታዎት?»

ዝም።

«ባለቤትዎን ይጥሯቸው! ማነው እዚያ ቤት ያለው?»

ዘሐራ በግራ እጇ አፏን ይዛለች። መሪጌታ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። እኔ ያ ባዶ ወንበር ላይ ዓይኔን ተክዬ ስለቴን ሁሉ ደረደርኩ። ትርንጎ በደረሰች ብዬ ተመኘሁ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ከእጄ ያልወደቀ ሰው እኔ ቅናቴን ይዤ በሄድኩበት ቀን ወደቀ።

«አልመታኝም» አለ ድምፅ ከታች። «ክርኔን... ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አይቸኩሉ። ባለቤትዎ ይምጡ፣ እነግራቸዋለሁ።»

«የለችም።»

«ጓዳ ናት አላሉኝም?»

«ወፍጮ... አይ፣ ቡሬ ናት። እንኳንም... የለች።»

እንኳንም የለች። ሰማችሁ?

ሕሊና ወደ ስልኩ ተጠጋች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ እናት፣ ትመራው ጀመር። «ቀኝ ጉልበትዎን ፊት ያድርጉ። እጅዎን ወንበሩ ላይ። ትንፋሽ ይውሰዱ። አሁን በቀኝ እግርዎ ይግፉ።» ወንበሩ ጠርዝ ላይ አንድ እጅ ብቅ አለ። የባሌ እጅ፣ ቀለበቱ ያለበት። እጁ ተንሸራተተ። እንደገና ያዘ። ጋሽ ሰይድ ክንዴን የያዙበት እጅ ጠበቀ። መጀመሪያ ራሱ ታየ፣ ቀጥሎ ትከሻው፤ ላብ በላብ ሆኗል፤ ያቃስታል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጣ። ማንም ሳይነካው።

«ለምን ዋሹኝ?» አለች ሕሊና። «ብቻዎን መሥራት የለብዎትም። ለምን አይጠሯቸውም?»

አያሌው ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ላቡን ጠረገ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ተናገረ።

«እጇ... ፈጣን ነው። ልነሳ ስል... ራሴን ተነስቼ አገኘዋለሁ። እሷ... ጎበዝ ናት። እኔ ግን... መች ልነሳ?»

መሪጌታ መደባቸው ላይ ተቀመጡ። «እውነቱን ነው ልጄ» አሉ። «እጅ ሲበዛ ሰው ዕቃ ይሆናል።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልችልም። ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ ቦታ ነው የቀየረ። በዘሐራ አልቀናሁም። በስልኩ ቀናሁ፤ እጅ ስለሌለው። በራሴ መቅረት ቀናሁ፤ እኔ ሳለሁ ያልሆነለት እኔ ስቀር ሆነለት። ሰው በገዛ መቅረቱ ሲቀና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ ሰይድን ቀና ብዬ ሳያቸው እጃቸውን ከክንዴ ላይ አንስተው ይመለከቱታል፤ ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ስልኩ እንደተዘጋ ዘሐራ ዘወር አለችና በመጋረጃው መሐል የተሰነቀሩ ሁለት ጭንቅላቶች አየች።

«ወይ ጉድ! ሰይዶ? ይህችስ ማን ናት?»

«የጋሽ አያሌው ባለቤት ናት» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ እንደ ተያዘ ተማሪ።

ዘሐራ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችና ነገሩ ገባት። ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ጥላቻዬን ፈልጌ አጣሁት። «ለኔ ተነሳ ብለሽ ነው እቴ? ምን ነበር ለኔ በተነሳ! ይኼ የኔው እንኳ ለኔ ተነስቶ አያውቅም!» ከዚያ ወደ እሷ ልትጠራኝ ወንበሯን ተደግፋ መነሳት ጀመረች። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ቆሙ፤ መለሱት። ዘሐራ ቀስ ብላ ተነስታ አቀፈችኝ። ለትርንጎ ደውዬ አጠገቡ መድረሷን ሰማሁ። ምሳ ካልበላሽ አትሄጅም አሉኝ፤ የጾም አደረጉልኝ፣ ሐሙስ ቢሆንም፤ በስጋው ጉዳይ እንዳልሸማቀቅ ብለው ነው። ቀበቶውን ረስቼው ተመለስኩ።

ቤቴ በር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እንደማደርገው ልገፋው እጄን ዘረጋሁ፤ ተውኩት። ቀስ ብዬ ከፈትኩና ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አያሌው ወንበሩ ላይ ነው። ክርኑ ተልጧል። አየኝ፤ ቀኝ እጁን ወንበሩ ጠርዝ ላይ አደረገ።

ሁለቱን እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ አንዱን በአንዱ ጨበጥኩ።

ወደ ፊት አዘነበለ። ወገቡ ከወንበሩ ተላቀቀ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። ጥርሴን ነከስኩ። ኩንታል ማንሳት ቀላል ነው፤ እጅን ከኋላ ይዞ መቆምን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። እንደገና አዘነበለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ተነሳ። ነጠላውን ደረቱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ኖር» አለኝ።

ሚስት ኖር ስትባል ምን እንደምትመልስ የነገረኝ የለም። 

«በእግዜር» አልኩት። «ተቀመጥ፤ አትድከም።»

«አልደከመኝም።» ጥቂት ቆመ። ከዚያ አፉ ዘመም ብሎ ፈገግ አለ። «ቀበቶውስ?»

«ቡሬ... ቀበቶ የለም አሉ።»

«ቅመም ቤት... ፈልገሽ... ከየት ይመጣል?»

ለካ ያች ወሬኛ ዘሐራ ደውላለት ኖሯል። ሳቀ። እኔን አይቶ፣ በእኔ ላይ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ያን ሳቅ ለማንም አልሰጥም ብዬ በልቤ አልኩ።

አሁን ሕሊና ሥራ ሰጥታኛለች፤ «ቅርብ ይሁኑ፣ ካልወደቀ አይንኩ» ብላኛለች። ማክሰኞና ሐሙስ ወፍጮውን ለሌላ ሰው ትቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጋሽ ሰይድ ይደውሉልኛል፤ «እመት ደብሪቱ፣ ዛሬ ነካሽው?» ይሉኛል፤ «እርስዎስ?» እላቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ሁለታችንም እንዋሻለን። ቅናቴም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ለመሪጌታ በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ለእኔ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው። ለምን ብዬ ጠይቄው «መሪጌታ... አይቆጡም» አለኝ። የታመመ ሰው ቤታችሁ ያለ፣ እጃችሁ ፈጣን የሆነ፣ የእኔን ነገር አስቡት እላችኋለሁ። ማስታመም ማንሳት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ማታ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ዘው ብዬ አልገባም። በሩ ላይ ቆሜ እስላለሁ፤ ከዚያ ልብሴን አራግፋለሁ። ከውስጥ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይንቋቋል። አንዳንድ ቀን ዱቄቱ እሱ ሳይነሳ ከልብሴ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ማራገፌን አላቆምም።